ሦስተኛዋ ትራከር

ባሌ ያን አሮጌ መርቼዲስ የገዛው ኮቪድ ሊወስደው መጥቶ ከተወው በኋላ ነው። በ2020 መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ገባ። እንኳን አጠገቡ ልንቀመጥ በመስኮት እንኳ አላሳዩንም። ሲወጣ ሱሪው ከወገቡ የሚንሸራተት፣ ሁለት ደረጃ ወጥቶ ቁጭ የሚል ሰው ሆኖ ወጣ። ሥራውም በዚያው ቀረ። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ጣራ ያያል። እኔ የምሠራው ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ጣራ ማየት የጀመረ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ነጋሪ አያስፈልገኝም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ፣ "ሉዊስ ሴንተር አንድ ገበሬ መጋዘኑ ውስጥ ያቆመው መርቼዲስ አለ፤ የሰባዎቹ ሥሪት፣ ናፍጣ" ሲለኝ፣ "ኤዲያ! መጀመሪያ ለራስህ ተንፍስ!" አልኩት እንጂ አልከለከልኩትም።

አገር ቤት እያለ መካኒክ ነበር። መኪናዋን በሌላ መኪና አስጎትቶ ኮሎምበስ ውስጥ ሊንደን ሰፈር ወዳለው ቤታችን አመጣትና ከጓሮው ጋራዥ አስገባት። ቀለሟ እንደ ቅቤ ነው፤ ወንበሮቿ ቡኒ። መጀመሪያ ሳምንት ዱካ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያት ነበር። ቀጥሎ ኮፈኑን ከፈተ። ቀጥሎ እየሳለ ከሥሯ ገባ። አንድ ቀን ዘይት በነካ እጁ ቁራሽ ዳቦ እየገመጠ ኪችን ሲገባ ተቆጣሁት፤ ደስ ብሎኝ ነው የተቆጣሁት። ሥራ ሲጨርስ ኮፍያውን የሹፌሩ ወንበር ላይ ጥሎ ይወጣል፣ እኔ ደግሞ አንስቼ ግድግዳው ሚስማር ላይ እሰቅለዋለሁ። ኮፍያ የማይሰቅል ወንድ ያገባች ሴት ታውቀዋለች።

አንድ ልጅ ነው ያለን። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ፣ አማርኛ እየሰማ በእንግሊዝኛ የሚመልስ። ዌርሃውስ ዕቃ ሲጭን ወገቡን ተጎዳ፣ ለሕመሙ ኪኒን ሰጡት፣ ኪኒኑ አልለቀው አለ። ከኪኒኑ በኋላ የመጣውን ነገር ስሙን ልጥራው አልፈልግም። ቸርች ውስጥ ሲጠይቁን፣ "ደህና ነው፣ ክሊንተንቪል ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ነው የሚኖረው፣ ሥራ በዝቶበት ነው" እንላለን። ገበና ነዋ! የገዛ ልጄን ጉድ በየሰዉ ቤት ላዙር? አንዳንዴ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ቀን ሙሉ ይተኛል፣ ይሄዳል። ስልኩ ሲሻው ይሠራል፣ ሲሻው ይዘጋል። በተኛበት ገብቼ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን አያለሁ። ነርሲንግ ሆም ያሉትን ሽማግሌዎች የማየው እንደዚያ ነው።

በዚያ ሰሞን ሰፈራችን የመኪና ሌባ መፈንጫ ሆኖ ነበር። የጎረቤታችንን መኪና ከደጃፏ ላይ ወሰዱት። ባሌ እንቅልፍ አጣ። ዩቲዩብ ላይ ሲያይ ሰንብቶ፣ የክብሪት ሳጥን የሚያካክሉ፣ መኪና ያለበትን ቦታ ስልክ ላይ የሚያሳዩ ሁለት ትራከሮች አዘዘ። ዘዴውን ሲያስረዳን እንደ ጄኔራል ነው። "አንዷን ከዳሽቦርዱ ሥር አደርጋታለሁ፣ ሌባው እንዲያገኛት። አገኛት፣ ጣላት፣ ተገላገልኩ ብሎ ይነዳል። ሁለተኛዋ ግን ከኋላ ወንበር ስፖንጅ ውስጥ ናት።" ስፖንጁን የቀደደው እሱ፣ መልሳ የሰፋችው እኔ። ዓይኔ መርፌ መክተት ስለሚያቅተው ክሩን ያስገባልኝ ልጄ ነበር። ደህና ከነበረባቸው ቀናት አንዱ ነው። ዱካው ላይ ተቀምጦ አሰፋፌን እያየ ሳቀ፣ "ዩ ጋይስ አር ክሬዚ" አለን። ሲስቅ የልጅነቱ ጥርስ ነው የሚታየው።

በጁላይ ተሰረቀች። እኔ ሥራ ላይ፣ ባሌ ሐኪም ቤት ነበርን። የጋራዡን በር ገንጥለው ነው የገቡት። ወይ የባሌ ትንቢት! የዳሽቦርዷን ትራከር ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ አንድ ማደያ ጥለዋት ሄዱ፣ የወንበሯ ግን እየነዱ ሳለ ቦታቸውን ስትናገር ዋለች። ፖሊሶች ስልኩ ካርታ ላይ የምትታየውን ነጥቧን ተከትለው ከተዘጋ ሱቅ ጀርባ አገኟት። መስታወቷ ተሰብሯል፣ የቁልፉ ቦታ ተቦጫጭሯል፣ ሌላው ደህና ነው። ባሌ ሲያያት እንደ ልጅ አለቀሰ፤ የዳሽቦርዷንም ትራከር ከማደያው አንስቶ ቦታዋ መለሳት።

እንግዲህ እሁድ መጣ። "ምስክርነት ያለው?" ሲባል ባሌ ማንም ሳይቀድመው ተነሳ። በዚያ ጊዜ ገሚሱ ሰው ቸርች ይመጣል፣ ገሚሱ ደግሞ ቤቱ ሆኖ በላይቭ ይከታተላል። ማይኩን ይዞ ጌታን አመሰገነ፣ ሰዉ አሜን አለ። ከዚያ መች ይበቃዋል! የመጀመሪያዋ ትራከር የት እንደነበረች፣ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ፣ ሁለተኛዋን ሚስቱ በጥበብ እጇ ከየትኛው ወንበር ውስጥ እንደሰፋቻት፣ ስፌቱ በየት በኩል እንደሆነ አንድ ሳያስቀር ዘከዘከው። የኮቱን ጫፍ ጎተትኩት፣ "ዝም በል" አልኩት፣ ማን ሰምቶኝ! "ሃሌሉያ" ይላል ጉባኤው።

መኪና ውስጥ ስንገባ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ሲባል አልሰማህም?" አልኩት።

"የእግዚአብሔርን ሥራ ልደብቅ?"

"የእግዚአብሔርን ሥራ ተናገር! የወንበሩን ስፌት ማን ተናገር አለህ?"

በሳምንቱ ሦስተኛ ትራከር አዘዝኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ ለባሌም ጭምር፤ እሱ የሰማውን ኮሎምበስ ይሰማዋልና። አንድ ከሰዓት ክሊኒክ ሲሄድ ጠብቄ የሹፌሩን ወንበር መደገፊያ ከጀርባው ፈታሁ፣ ከተትኳት፣ በቡኒ ክር ደቃቅ አድርጌ ሰፋሁት። አፑ ያለው እኔ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ባትሪዋ ብዙ ወር ይቆያል ተብሎ የሚሸጥ ነው። ተገላገልኩ ብዬ ረሳኋት።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሁለተኛ ጊዜ ተሰረቀች። ከሥራ ስመለስ ባሌ ጋራዡ በር ላይ ቆሟል። ገብቼ አየሁ። የተሰበረ ነገር የለም፤ በሩ በቁልፍ ነው የተከፈተው፣ ቁልፉ ደግሞ የሚሰቀለው ኪችን ውስጥ ነው። የኋላው ወንበር ወጥቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ስፌቱ አልተቀደደም፤ ጥልፍ በጥልፍ ነው የተፈታው። ሁለቱ ትራከሮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የስፌት ዕቃ የማስቀምጥባት የብስኩት ቆርቆሮዬ አጠገባቸው ናት፣ ክዳኗ ተከፍቷል። መቀሴን ለመፍቻ ፈልጎት ነው አልኩ። ከዚያ ቀና ስል ኮፍያውን አየሁት። ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ጠዋት ባሌ የሹፌሩ ወንበር ላይ ትቶት ነበር፣ እኔም ቸኩዬ ሳልሰቅለው ነው የወጣሁት።

ሌባ ኮፍያ አይሰቅልም። መቀሴን ቆርቆሮዋ ውስጥ መለስኩት።

ባሌ ዱካው ላይ ተቀመጠ። "ምስክርነቴን የሰማ ሰው ነው" አለ። "ከቸርች ነው።"

"አዎ፣ ከቸርች ነው" አልኩ።

"ፖሊስ ጋ ሪፖርት አድርጌያለሁ" አለ። እሺ አልኩና ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። አፑን ከፈትኩ። ነጥቧ አለች። አረንጓዴ ናት፣ ሃይ ስትሪትን ይዛ ወደ ክሊንተንቪል እየወጣች ነው። ልጄ እየነዳ ነው። የአባቱን መኪና ሰርቆ እየነዳ ነው፣ ግን እየነዳ ነው! ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ አፌን በፎጣ አፍኜ፣ እያለቀስኩ ጌታን አመሰገንኩ። እብድ ነሽ በሉኝ። ስልኩ ከተዘጋ ሰንብቶ ነበር፣ በሕይወት መኖሩን የማውቅበት ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ኑሮዬ ያቺ ነጥብ ሆነች። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ እከፍታታለሁ፤ ሥራ ቦታ የአንዷን አሮጊት አንሶላ ቀይሬ ኮሪደር ላይ እከፍታታለሁ። ክሊንተንቪል አንድ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ታድራለች። በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት ትነሳለች። ሃይ ስትሪት አንድ ቁርስ ቤት ጋ ትቆማለች፣ ከዚያ ትንሽ ዞር ዞር ብላ ትመለሳለች። አንዳንዴ ግሮሰሪ ጋ ትቆማለች። ግሮሰሪ! ምግብ ይገዛል ማለት ነው። አንድ ቦታ ያድራል፣ በጊዜ ይነሳል፣ ይበላል። የቁርስ ቤቱ ሥራ ቢሆን ነው እንጂ፣ በየቀኑ በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ያደርጋል? ጌታ ሆይ፣ ልጄ ሥራ ይዟል! ልጄ ሰው ሆኗል! እሁድ ቸርች ውስጥ እጄን አነሳሁና፣ "የማልናገረው ጸሎቴ ተመልሶልኛል" አልኩ። ሰዉ አሜን አለ፤ እኔም አሜን አልኩ።

አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር። የመንገዱ መግቢያ ድረስ ነድቼ ማዞሪያው ላይ ቆምኩ። ከዚያ አሰብኩት። ካየኝ ያፍራል፣ ካፈረ ይሸሻል፣ ከሸሸ ነጥቧን ነቅሎ ይጥላታል፣ ያኔ ምን ይዤ አድራለሁ? ራሱን ችሎ፣ መኪናዋን ይዞ፣ ቀና ብሎ ይምጣ እንጂ፣ እናቱ እንደ ሌባ መንገድ ላይ ትያዘው? መሪውን አዞርኩና ወደ ቤት ተመለስኩ።

ባሌ ግን ወደ ሶፋው ተመለሰ። ጣራ ማየት ጀመረ። ልነግረው ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ! የነገርኩት ቀን ልጁ ሌባ መሆኑን ነው የምነግረው፤ ልቡ ደግሞ ያኔም ደህና አልነበረም። አንድ ማታ ራት ላይ ሹካውን አስቀምጦ፣ "የትም ትሁን፣ ዘይቷን ብቻ ካዩላት" አለ።

"ያዩላታል" አልኩት።

ቀና ብሎ ብዙ ቆይቶ አየኝ። ሾርባው ቀዘቀዘ ብዬ ተነሳሁ።

መርዶ ሲመጣ በር እንዴት እንደሚንኳኳ ማንም አበሻ ያውቀዋል። ቅዳሜ ማለዳ፣ በቅጡ ሳይነጋ፣ በሩ ቀስ ተብሎ ተንኳኳ። እኔ ራሴ ስንቱን በር እንደዚያ አንኳኩቻለሁ። ከፈትኩ። ፓስተሩ፣ ሚስቱ፣ ከኋላቸው ነጠላ የለበሱ ሴቶችና ራሳቸውን የደፉ ወንዶች፣ ሁሉም ማስክ አድርገዋል። "እህቴ ናት?" አልኩ፤ አገር ቤት የታመመች እህት አለችኝ። "ንገሩኝ፣ እህቴ ናት?"

"እትዬ፣ ይቀመጡ" አለኝ ፓስተሩ። አልቀመጥም አልኩ። ባሌን ከመኝታ ቤት ደግፈው አወጡት። ፓስተሩ ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተወው፣ በሦስተኛው፣ "ልጃችን" አለ።

"የኛ ልጅ ደህና ነው" አልኩት።

ሚስቱ እጄን ይዛ እሷ ነገረችኝ። እዚሁ ሊንደን ውስጥ፣ ሰው የማይኖርበት አንድ ቤት ውስጥ ነው የተገኘው። ብቻውን ነበር፤ አጠገቡ ያ ስሙን የማልጠራው ነገር። ብዙ ቆይቷል። መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ ድሮ የተከራየነው አፓርትመንት ነው፤ ፖሊሶች እዚያ ሄደው ሲያንኳኩ አሁን የሚኖርበት የቸርቻችን ሰው ነው። እሱም የእኛን ስልክ በመስጠት ፈንታ ፓስተሩን ኮል አደረገው። ፓስተሩ ደግሞ ፖሊሱን፣ በባህላችን እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፣ እኛ እንነግራቸዋለን ብሎ ለመነው። እኔ ሥራ የማልገባበትን ቀን ጠበቁ። በወጉ እንዲነገረኝ ነው። ይኼንን ሁሉ ስታወራ አንዱም አልገባኝም፣ ምክንያቱም ውሸት ነበር።

"ውሸት ነው!" አልኩ። "ልጄ በሕይወት አለ! ቆዩ፣ አሳያችኋለሁ!" ስልኬን አወጣሁ። አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ነጥቧ ተነስታለች። "እዩት! ይኸው! እየነዳ ነው! እዩ፣ ሃይ ስትሪት ገባ። አሁን ቆመ፣ መብራት ይዞት ነው። ይኸው ሄደ! የሞተ ሰው ይነዳል? ፓስተር፣ ይዩ እንጂ፣ የሞተ ሰው ይነዳል?"

ፓስተሩ ስልኩን አየና ዓይኑን ከስልኩ ላይ አነሳ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ፣ እኔ ዝም በሉ እያልኩ እጮህባቸዋለሁ። ባሌ መነጽሩን አደረገ፣ ስልኩን ከእጄ ወሰደ፣ ነጥቧ ቁርስ ቤቱ ጋ እስክትቆም ድረስ ተከተላት።

"ሦስተኛ ነበረች?" አለኝ።

"ነበረች።"

"እኔም ሪፖርት አላደረግኩም" አለ። "ኮፍያውን አይቼዋለሁ።" ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እኔ ያኔ ነው የጮህኩት።

ከቀብሩ በኋላ ፓስተሩ ፖሊስ ይዞ ነጥቧ የምታድርበት ቤት ሄደ። በሩን የከፈቱት ሚስታቸው የሞተችባቸው አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋን ራሳቸው ነድተው አመጡልን። ጓሯችን ላይ ቆመው የሆነውን ነገሩን። ከልጄ የገዙት በጠፋችበት ቀን ነው። የባለቤትነት ወረቀቱን በኋላ አመጣለሁ ብሏቸው አምነውታል። ጨዋ ልጅ ነበር አሉ፤ ሲንቀጠቀጥ አይተው ጃኬት ልስጥህ ቢሉት እምቢ አላቸው። በአንድ ነገር ብቻ አስቸግሯቸዋል። በየቀኑ ይንዷት አላቸው፣ ትንሽም ብትሆን፣ አንድም ቀን እንዳትቆም። ቃል አስገባኝ አሉ። ሰውዬው ቃላቸውን ጠበቁ። በየጠዋቱ ቁርሳቸውን በልተው ይመለሱ ነበር። ፖሊሶቹ ልጄ መቼ እንደሞተ ሲነግሩን መኪናዋ በጠፋች በዚያው ሳምንት ነው አሉን።

ሰውዬው ከሄዱ በኋላ ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ሦስተኛዋን ነቅዬ በመዶሻ ልቀጠቅጣት ነበር። ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ተንበርክኬ መደገፊያውን ዳበስኩ። ስፌቱ ሻካራ ነው። መብራት አበራሁ። እኔ የሰፋሁት በቡኒ ክር ነው፣ ደቃቅ አድርጌ። ይኼኛው ነጭ ክር ነው። አንዱ ጥልፍ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ መጨረሻው ላይ ሦስት ጊዜ የተቋጠረ፣ ሰው ሲሰፋ አይቶ እንጂ ሰፍቶ የማያውቅ እጅ የሰፋው። የብስኩት ቆርቆሮዋን ከፈትኩ፣ ነጩ ክር ተተርትሮ ጫፉ ተንጠልጥሏል። መቀሴን ብቻ አልነበረም የፈለገው። አግኝቷት ነበር። አውጥቶ አይቷታል፣ የማን እንደሆነች አውቋል፣ መልሶ ከቷል፣ ሰፍቷል። ከዚያ ሄዶ ለሽማግሌው፣ በየቀኑ ንዷት አለ። እናቴ ታያለች፣ አየችኝ ብላ ትተኛለች ብሎ።

ተኛሁ እኮ፣ ልጄ። በሰላም ተኛሁ። የቆጡን ሳይ የብብቴ ወደቀ። ሁለቱን ያወጣህ እጅ ሦስተኛዋንም ምነው ባወጣት! ምነው መንገድ ላይ በጣልካት! ነጥቧ ብትጠፋብኝ በዚያችው ሰዓት ጫማ ሳላደርግ እወጣ ነበር፣ ሊንደንን ቤት ለቤት አንኳኳው ነበር፣ ገበና ምናምን ሳልል በስምህ እየጮህኩ። አገኝህም ነበር። ከቤታችን በእግር የሚደረስበት ቤት ውስጥ ነበርክ።